ለዶሊ ስጡልኝ ያልከው ጉርሻ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለተድላ ወልደሩፋኤል፤
ባሕር ኃይል፣ ምጽዋ።

ወንድሜ ተድላ፣ እንደምን ሰነበትክ? የባሕሩ ወበቅ እንዴት አድርጎሃል? እንቅልፉስ፣ ምግቡስ፣ በቀደም የጻፍክልን የጥርስ ሕመምስ ተሻለህ ወይ? በነፋሻ አገር ያደገ ልጅ ብረት ላይ ተኝቶ እንዴት ያነጋል እያልን ሐሳባችን ካንተው ጋር ይውላል። እማዬ ጉንጭህን ደጋግማ ስማሃለች። እኔም እህትህ የሺአረግ ናፍቆትህን መሸከም እያቃተኝ ሰላምታዬን ከዚህ እሰድልሃለሁ። እኛስ እንደምን እንዳለን ልጽፍልህ ብዕሬን አንስቼ «እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን» ልል ስል እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ቃል ከልማድ የተነሣ ስንት ጊዜ ጻፍኩልህ! ዛሬ ግን አልጽፈውም፤ የሆነውን እንደሆነ ልንገርህ፣ ደህና መሆን አለመሆናችንን አንተው ትፈርዳለህ።

እዚህ ለቀምት፣ ያገሩ ሰው ነቀምቴ በሚላት ከተማችን፣ ክረምቱ ዘንድሮ ጨክኖ ነው የከረመው። መስከረም ከጠባ በኋላ እንኳ ዝናቡ አልለቀቀንም ነበር። አሁን ጭቃው ጠፈፍ ብሎ የባኮ መንገድ ተከፍቷል፤ ያንተም ደብዳቤ ቶሎ ቶሎ መድረስ ጀምሯል። እኔ ለመስቀል ብዙ ልብስ ሰፍቼ ወገቤ እስኪቆረጥ ሠራሁ። ጎረቤታችን አዴ ድርቤና ባለቤቷ ኦቦ ዋቅወያ እንደ ወትሮው ናቸው፤ ያለእነሱ ይህን ክረምት እንዴት እናልፈው እንደነበር አላውቅም።

ተድላ፣ ዶሊ ሞታለች። በፍልሰታ ጾም ነው የሞተችው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ለውሻ መርዶ ይጻፋል ወይ ብዬ ሰው አፍሬ አይደለም። ነገሩን ስጀምረው መጨረሻው እማዬ ላይ እየደረሰብኝ፣ ከዚያም አልፎ እኔው ላይ እየደረሰብኝ ወረቀቱን ስንቴ ቀደድኩት። አሁን ግን እማዬ ራሷ «ንገሪው፤ ልጄን በውሸት አታኑሪብኝ» ስላለችኝ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

የሄድክ ዕለት አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሰው ሁሉ ሲሳሳም፣ አንተ ዶሊን ብብትህ ሥር ወሽቀህ ለእኔ ትምህርት ትሰጠኝ ነበር። ያ ፈረንጅ አስተማሪህ ወደ አገሩ ሲመለስ ውሻዋን ላንተ የተወልህ ጊዜ የነገረህን ሁሉ እንደ ዳዊት ትደግመው ነበር። «እትዬ የሺ፣ አፍንጫዋ ርጥብና ቀዝቃዛ ይሁን። ዓይኗ ይጥራ፣ ዓይናር አያውጣ። ከንፈሯን ገለጥ አድርገሽ ድዷን እዪው፣ እንደ ሕፃን ልጅ ድድ ቀላ ካለ ደም አላት። ጸጉሯ ያብለጭልጭ። ስትጠሪያት ዘላ ትምጣልሽ» አልከኝ። ከዚያ እጄን ይዘህ ጎኗ ላይ አስቀመጥከውና «ይኸ የጎድን አጥንቷ ነው። ነጠላ የለበሰ ሰሌን ስትዳብሺ ስንጥሩ እንደሚታወቅሽ እንዲህ ይታወቅሽ። ለዓይን አይታይ፣ ከእጅሽ ግን አይጥፋ» አልከኝ። እሺ እሺ አልኩህ። በልቤ ግን፣ ተድላዬ፣ የጎድን አጥንቱ የሚታወቅ ውሻ የሚበላው ያጣ ቤት ውሻ ነው እያልኩ ነበር። ሌላውን ሁሉ ይዤ ያችን አንዷን ጣልኳት።

እማዬ ዶሊን እንዴት ትጠላት እንደነበር አንተ ከኔ የበለጠ ታውቃለህ። «ውሻ ካለበት ቤት መልአክ አይገባም» እያለች በመጥረጊያ ወደ ደጅ ስትሰዳት፣ አንተ በመስኮት ስትመልሳት፣ እሷ ስታባርር፣ አንተ ስትመልስ ነው የኖራችሁት። ከሄድክ በኋላ እራት ቀረበና ሁለታችን ተቀመጥን። እማዬ እንደ ልማዷ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አንተ መቀመጫ እጇን ሰደደች። ማን ይቀበላት? እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ያን ጊዜ ዶሊ ከወንበርህ ሥር ብቅ አለችና ቀስ ብላ፣ ጣቷን እንኳ ሳትነካት፣ ጉርሻውን ወሰደችው። እማዬ አልተቆጣችም። እጇን በነጠላዋ ጠረገችና መብላቷን ቀጠለች። እኔም ያላየሁ መስዬ አቀረቀርኩ።

ቀጥሎ የመጀመሪያው ደብዳቤህ መጣ። እዚያ የሚሰጧችሁን ፓስታና ባቄላ እያማረርክ «እማዬ፣ እስክመለስ የኔን ጉርሻ ለዶሊ ስጡልኝ» ብለህ ቀልደህ ነበር። እኔ እያነበብኩ ሳቅሁ። እማዬ ግን አልሳቀችም፤ ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ፣ ማንበብ ባትችልም ጽሕፈቱን ትክ ብላ እያየች «አደራ ጣለብኝ ልጄ» አለች። ይህን የምጽፍልህ ልወቅስህ ብዬ እንዳይመስልህ። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። እናት ግን ልጇ ከሩቅ የላከውን ቃል እንደ ቀልድ አትሰማም፤ እኔም ቀልድ ነው ብዬ ላስረዳት አልሞከርኩም፤ ደስ እንዲላት ነበር የፈለግሁት።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ጉርሻ የዶሊ ሆነ። ጉርሻው ደግሞ አንድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የወጡ ሥጋ ለእሷ፣ አይቡ ለእሷ፣ ዳቦ በወተት ራሰ፣ ስኳር ተነሰነሰበት። ዐቢይ ጾም ሲገባ እማዬ ሽሮዋን በውሃ እየበላች ለዶሊ ወተት ከአዴ ድርቤ ቤት ታስመጣ ነበር፤ እነሱ በሚሲዮኑ እምነት ናቸውና አይጾሙም። የንስሐ አባታችን ይህን ሰምተው ሲቆጧት «አባቴ፣ እኔ ነኝ እንጂ እሷ መች ተጠመቀች?» ብላ መለሰችላቸው፤ እሳቸውም ሳቃቸውን በመስቀላቸው ጋርደው አለፉ። ባለሱቁ ፈድሉ እንኳ ስኳር ሲመዝንልን «እማማ ወለቴ፣ ይቺ ውሻ ከኔ ልጆች ይልቅ ሱቄን ታውቀዋለች» እያለ ይቀልድ ነበር።

ዶሊ ወፈረች። ጸጉሯ አማረ፣ አንገቷ ጠፋ፣ ሆዷ ወደ መሬት ቀረበ። የሚያያት ሁሉ ያደንቅ ነበር። መቼም በአገራችን «ወፍረሻል፣ አምሮብሻል» ከሚለው የበለጠ ምን ምርቃት አለ? የከሳ ሰው ሲያዩ ምን ነካህ ይሉታል፣ የወፈረውን ግን ተመስገን ይሉለታል። አዴ ድርቤ በጠዋት አጥሩን ተደግፋ «አካም ቡልቴ» ብላ እንደምን ማደራችንን ከጠየቀች በኋላ ዶሊን አየት ታደርግና በራሷ ቋንቋ «ፈያ ዳ» ትላለች፤ ጤነኛ ናት ማለቷ ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ እንደ አበባ ይፈካ ነበር። አንተን ያመሰገኑላት ያህል ነበር የሚሰማት። እኔም በየደብዳቤዬ «ዶሊ እንደ መስቀል ሰንጋ ሰብታለች፣ ብታያት አታውቃትም» እያልኩ ጻፍኩልህ፤ አንተም ደስ ብሎህ እማዬን አመሰገንክልኝ። ያንን ምስጋናህን ስንቴ አስነበበችኝ መሰለህ!

ምልክቱ ግን ዓይናችን ሥር ነበር። ድሮ የግቢው በር ሲንኳኳ ከሁላችን ቀድማ የምትደርሰው ዶሊ ከተኛችበት ጭራዋን ብቻ መወዝወዝ ጀመረች። እኔ ልብስ ስሰፋ ዘላ ጭኔ ላይ ትወጣ የነበረችው፣ መሬት ተቀምጣ አንሺኝ ብላ ታየኝ ጀመር። በጠዋቱ ብርድ ምላሷን አውጥታ ታለከልካለች። እኛ ምን አልን? «ወይዘሮ ሆናለች፣ ወይዘሮ ደግሞ አትሮጥም» ብለን ሳቅን። እኔ አፍንጫዋን እነካለሁ፤ ርጥብ ነው። ዓይኗን አያለሁ፤ ጥሩ ነው። እንግዲህ ምን ጎደላት ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ጤና ማለት አንድ ቦታ ብቻ ነክተው የሚያገኙት ነገር መስሎኝ ነበር።

በግንቦት የአጎታችን የመሸሻ ባለቤት አረፈችና እማዬ ለልቅሶ ወደ ኑኑ ቁምባ ሄደች። እዚያ ሳለች ዝናቡ ስለጀመረ መንገዱ ተበላሽቶባት ከረመች። እኔና ዶሊ ብቻችንን ቀረን። አንድ ቀን ከገበያ ስገባ ዶሊ ልትቀበለኝ ተነሣች፤ የፊት እግሯ ቆመ፣ የኋላው ግን ከዳት። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ወደቀች። ያም ሆኖ ጭራዋ ይወዛወዝ ነበር፤ ይቅርታ የምትጠይቀኝ ነበር የሚመስለው። ዘንቢሌን ጥዬ አቀፍኳት። ከንፈሯን ገለጥ ባደርግ ድዷ እንደ አመድ ነጥቷል። ያን ጊዜ አውቶቡሱ አጠገብ የነገርከኝ መጣብኝና እጄን ጎኗ ላይ አደረግሁ። ጣቶቼ ሊጥ ውስጥ እንደገቡ ሰጠሙ። አጥንት ፈለግሁ፣ የለም። በሌላው ጎን ፈለግሁ፣ የለም። ተድላ፣ ድንጋጤዬን እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ ሥር፣ አንድ ፍጥረት ጠፍቶብኝ የማላውቅ ሆንኩ።

ለከብት ክትባት የሚሰጡትን አቶ ዋጋሪን ለምኜ አመጣኋቸው። ጆሯቸውን ደረቷ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩና «እኔ የማውቀው በሬና ላም ነው እንጂ እንዲህ ያለችውን አክሜ አላውቅም። ግን በሬ የሚሰባው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለቢላ ነው። ይቺ ደግሞ ለቢላ አይደለችም። ልቧ ደክሟል። ምግቧን አሳንሱ፣ በየቀኑ ቀስ እያላችሁ አራምዷት፤ ከዚያ በላይ መድኃኒት የለኝም» አሉኝ። ወተቱንም፣ ስኳሩንም፣ ሥጋውንም ከለከሉ።

እማዬ በሰኔ መጀመሪያ መጣች። በቅሎ ላይ ተንገላታ፣ ልብሷ በጭቃ ተለውሶ፣ ገና ከበር «ዶሊ! ዶሊዬ!» እያለች ገባች። ከጉያዋ በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አወጣች። «ይኸን ከኑኑ ቁምባ ድረስ ለሷ ብዬ ነው የያዝኩት፤ የተድላን ድርሻ አስጓደልኩባት እኮ» አለች። አዴ ድርቤ እንኳን ደህና ገባሽ ልትላት መጥታ እዚያው ቆማ ነበር። ከዶሊ ጋር በጭንቀት የከረምኩት እኔ፣ እናቴ ከልቅሶ ቤት ደክማ መምጣቷን ረሳሁትና «በቃሽ! ገደልሻት እኮ!» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ባበቃሁ። «ተድላ አይደለችም፣ ውሻ ናት! ልጅሽ ሄዷል፣ ይህን ሁሉ የምታበዪው ለማን ነው?» አልኳት። ሰው ፊት።

እማዬ ቅቤውን መደቡ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ዶሊን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እርጥብ ነጠላዋን እያወለቀች፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል «እኔ እኮ ደህና የሆነች መስሎኝ ነው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዶሊን ምግብ ለእኔ ተወችልኝ። ስሰጣት ከቤት ትወጣለች። ከሁሉ የከፋው ገበታ ላይ መቀመጧን መተዋ ነው። ዶሊ ዓይን ዓይኗን ስለምታያት፣ እሷም መንሣት ስለማትችል፣ ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ብቻዋን ትበላ ጀመር። ዶሊ ከውጭ በሩን እየጫረች ታለቅሳለች፤ እማዬ ከውስጥ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ትጠመጥማለች። እኔ ደግሞ ከሁለቱ መካከል ቆሜ ይቅርታ ልላት እፈልግና ተመልሼ ወደ ስፌቴ እሄዳለሁ። ነገ እላታለሁ እያልኩ ሳምንታት አለፉ።

የታደገን የአዴ ድርቤ ብልሃት ነው። አንድ ጠዋት ዝናቡ ባባራበት ሰዓት ዱላ ይዛ መጣችና «ካኢ፣ አዴ ወለቴ፣ ተነሺ» አለቻት። «ጉልበቴ ተይዞብኛል፣ ሐኪሙ ሂጂ ሂጂ ብሎኛል፣ ብቻዬን መሄድ ደግሞ እንደ እብድ ያስቆጥረኛል። ያችን ውሻሽን ይዘሽ አብረሽኝ ውረጂ» አለቻት። እማዬ መጀመሪያ እምቢ አለች። አዴ ድርቤ ግን መደብ ላይ ተቀምጣ «እንግዲያው እኔም አልሄድም፤ ጉልበቴ ቢቀር ባንቺ ነው» ስትላት ሳትወድ በግድ ተነሣች።

እንዲህ ሆኖ ሁለቱ እናቶችና ዶሊ በየጠዋቱ መንገድ ጀመሩ። በመጀመሪያ ዶሊ ፈድሉ ሱቅ ስትደርስ ዘጭ ብላ ትቀመጥ ነበር፤ እማዬ በጋቢዋ አቅፋ ትመልሳታለች። የሰፈሩ ሰው «አሮጊቶቹ ውሻ ማናፈስ ጀመሩ» እያለ ሲስቅ ሰምቻለሁ። ግድ አላሉትም። ቀስ በቀስ ሱቁን አለፉ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፉ፣ በሐምሌ አጋማሽ ላይ ወንዙ ድረስ ወርደው መመለስ ቻሉ። ዶሊ የግቢው በር ሲንኳኳ መነሣት ጀመረች። ማለክለኳ ቀነሰ። እማዬም ራሷ ጉንጯ ቀላ፤ ከወንዙ ሲመለሱ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ አንዷ በኦሮምኛ ትጀምራለች፣ ሌላዋ በአማርኛ ትጨርሰዋለች።

አንድ ቀን ከስፌት መኪናዬ ላይ ሳለሁ እማዬ ከግቢ «የሺ! የሺ! ነዪ፣ አገኘሁት!» ብላ ጮኸች። የጠፋባት የጆሮ ጌጥ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። ሣሩ ላይ ቁጢጥ ብላ እጇን ዶሊ ጎን ላይ አድርጋለች። «ይኸው! ንኪው እስቲ፣ ሰሌኑ ይኸውልሽ!» አለች። አንተ ያልከኝን የሰሌኑን ነገር ዶሊ ስትታመም ነግሬያት ነበር። ነካሁት። ከጸጉሯና ከቆዳዋ ሥር አጥንቶቿ አንድ በአንድ ለጣቴ መጡልኝ፤ ልክ አንተ እንዳልከው። እማዬ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ፣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያን ቀን ገበታ ላይ ተቀመጠች። ተድላ፣ ይቅርታ የምጠይቅበት ቀን ያ ነበር። ልቧ ተከፍቶ፣ እጇ ከእጄ ጋር አንድ ሳህን ውስጥ ሆኖ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትቀረኝ። ደስታችንን ላለማደፍረስ ብዬ ዋጥኳት። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ነሐሴ ሲገባ ብርዱ በረታና ዶሊ ማሳል ጀመረች። አቶ ዋጋሪ መጥተው አዩአት። «ሥጋዋ ቀንሷል፣ ጥሩ አድርጋችኋል፤ ልብ ግን አንዴ ከደከመ እንደ ሥጋ አይመለስም» አሉን። እማዬ መንገዱን ግን አላቋረጠችም፤ ዶሊ ራሷ በጠዋት በሩ ላይ ቆማ ትጠራት ነበርና። አንድ ረፋድ ላይ ከወንዙ ሲመለሱ፣ ከወፍጮ ቤቱ በታች ካለው ሣር ላይ ዶሊ ተቀመጠች። እማዬ ደክሟት ነው ብላ አጠገቧ ቁጭ አለች። ዶሊ አገጯን እማዬ እግር ላይ አስደግፋ፣ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰችና በዚያው ቀረች። አዴ ድርቤ «ዋቀዮ!» ብላ አምላኳን ጠርታ አፏን ያዘች። እማዬ በጋቢዋ ጠቅልላ እስከ ቤት ተሸከመቻት፤ ላግዝሽ ያላትን ሁሉ እምቢ አለች።

ኦቦ ዋቅወያ ከዋንዛው ሥር ቆፈሩልን። ጎረቤቱ ለውሻ ብሎ ሳይሆን ለእማዬ ብሎ መጣ። ፈድሉ ሳይቀር ሱቁን ለሚስቱ ትቶ መጥቶ በር ላይ ቆመ። አንዷ ሴት ሳታስበው «ምን አግኝቷት ነው?» ብላ ጠየቀች። እማዬ ቀና አለችና ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ «እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች። የኔ ቃል ነበር። እኔ በቁጣ የወረወርኩትን እሷ ከሰኔ እስከ ነሐሴ በሆዷ ይዛው ከርማለች። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሰው ከተበተነ በኋላ እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ይቅር በይኝ እማዬ፣ ያን ቃል ማለት አልነበረብኝም» አልኳት። ፀጉሬን እየዳበሰች «ያልሽው እውነት ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ እረሳው ነበር» አለች። ቀና አደረገችኝና «ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ። ግን እንዳልተባለ አድርጌ ልኖር አልችልም፤ ይህን አትጠይቂኝ» አለች። እኔም አልጠየቅኋትም። አብረን እንበላለን፣ አብረን እንስቃለን፣ ነገር ግን አንዳንዴ ምግብ ልታነሣልኝ እጇን ሰድዳ መልሳ ስትሰበስበው አያለሁ። ለልጇ ማጉረስ የምትፈራ እናት ያደረግኋት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንተ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የአዲሱን ነገር ልንገርህ። በመስከረም የላክልን ፎቶግራፍ ደርሶናል። ነጭ ልብስህን ለብሰህ፣ ቆብህን ደፍተህ፣ መርከቡ አጠገብ ቆመሃል። ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየሁት። ፈድሉ «ማሻ አላህ፣ ወፍሯል፣ አምሮበታል» አለ። ሌላውም እንደዚያው አለ። እማዬ ግን ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ወስዳ ብዙ አገላበጠችው። «ቆቡ ዓይኑን ጋርዶታል። ልብሱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ከዚህ ምን ይታወቃል?» አለችኝ። «ደህና ነኝ ብሎ ጽፏል እኮ» ብላት «አንቺስ ስለ ዶሊ እንዲሁ ስትጽፊ አልነበረም?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ፎቶግራፉን አጣጥፋ ሳይሆን ቀጥ እንዳለ በመሀረብ ጠቀለለችና «ፎቶግራፍ አይዳሰስም። ሄጄ አየዋለሁ» አለች።

ቀልድ መስሎን ነበር። ከባኮ ወዲያ ሄዳ የማታውቅ ሴት! ኦቦ ዋቅወያ የመንገዱን ርዝመት፣ አዲስ አበባን፣ ደሴን፣ መቀሌን፣ አሥመራን፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ የሚወርደውን ገደል እየዘረዘሩ ሊያስፈራሯት ሞከሩ። እሷም ሰምታ ሰምታ «ሰው ይሄድበታል?» አለቻቸው። «ይሄድበታል» አሉ። «እንግዲያው እኔም ሰው ነኝ» አለች። ከጥምቀት በኋላ መንገዱ ሲደርቅ እንነሣለን። እኔም አብሬያት ነው የምመጣው። እስከዚያ እግሬን ላጠንክር ብላ በየጠዋቱ ከአዴ ድርቤ ጋር ወንዙ ድረስ ትወርዳለች፤ ዶሊ ካረፈችበት ሣር ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆም ይላሉ፣ ከዚያ ያልፋሉ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አደራህን፣ አትምጡ ብለህ እንዳትጽፍ። ፈቃድ ጠይቀህ አሥመራ ድረስ ብትቀበለን የበለጠ ደስታ የለም፤ ካልሆነም እኛው እንወርዳለን። የደበቅኸን ነገር ካለ ደግሞ፣ ሕመምም ይሁን ሌላ፣ አሁኑኑ ለእኔ ጻፍልኝ። ዓይንህን አይታ፣ ጎንህን ዳብሳ ልታውቀው ነው የምትመጣውና መደበቁ አይጠቅምም። እኔም ከእንግዲህ አይቼ ያላየሁ መሆን አልፈልግም።

አዴ ድርቤ በቋንቋዋ «ነጋ» ብላሃለች፣ ሰላም ማለቷ ነው፤ ለእማዬ መንገድ ስንቅ የሚሆን ጩኮ ከአሁኑ እያዘጋጀች ነው። ኦቦ ዋቅወያ ብዙ ሰላም ብለውሃል፤ ባሕር እንዴት ያለ ውሃ እንደሆነ፣ እውነት ወዲያ ማዶው አይታይ እንደሆነ ጻፍልኝ ብለዋል። ፈድሉና ሚስቱ ሰላም ይሉሃል። አጎታችን መሸሻ ከኑኑ ቁምባ በሰው ልከው እንደምን አለ ብለውሃል፤ የሐዘኑን ደብዳቤ ስላልጻፍክላቸው ቅር ብሏቸዋልና ጻፍላቸው። አቶ ዋጋሪም ሲያልፉ ስላንተ ይጠይቃሉ። እዚያ ያሉ ጓደኞችህን ሁሉ በስማችን ሰላም በልልን።

እማዬ ይህን ሁሉ ሳነብላት አጠገቤ ተቀምጣ እየሰማች ነበር፤ ላንተ ብቻ ነው ያልኩህን እንኳ ደፍሬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ቀለሙን አምጪ አለችኝ። ስምሽን እኔ እጽፍልሻለሁ ብላት «ስምማ ማንም ይጽፈዋል» ብላ አውራ ጣቷን ነክራ ከታች አሳረፈችው። ቀለሙ ትንሽ ተንሰራፍቷል፤ ጠበቅ አድርጋ ስለተጫነችው ነው።

እህትህ የሺአረግ ወልደሩፋኤል

ለቀምት፣ ወለጋ ጠቅላይ ግዛት
ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.